ግማሹ መልስ

«ቦታው እኮ ዓርብ ተይዟል» አለች የሰው ኃይል ኃላፊዋ። «ለሰውዬው ደውዬ አትምጣ ልበለው?»

«ተይው፣ ይምጣ» አለ አለቃው። «ያንን የሚደጋግመውን ነገር ፈተና ነው ብለን እንስጠው። የድሮ ሰው ነው፤ እንዲህ ያለው ነገር ይገባቸዋል። ካቃተው ምን ይቀርብናል? ከቻለ ደግሞ ተገላገልን።»

ሚጡ ይህን ስትሰማ ሻይ በሚፈላባት ጠባብ ክፍል ውስጥ ቆማ ስኳር እያማሰለች ነበር። ክፍሏ ከስብሰባው ክፍል የምትለየው በስስ ጣውላ ስለሆነ፣ ሠራተኛው ስለ ደመወዝ ጭማሪም ሆነ ስለ ስንብት ቀድሞ የሚሰማው እዚያው ሻይ እየቀዳ ነው። ማማሰሏን አላቆመችም። የማንኪያው ድምፅ ድንገት ቢቋረጥ መስማቷን የሚያጋልጣት መሰላት። ሠላሳዎቹን አጋምሳ እንኳ በቤት ስሟ ሚጡ የምትባለው ይህች ሴት ለኩባንያው ፕሮግራም ትጽፋለች፤ «ሰውዬው» የተባለው ደግሞ ታላቅ ወንድሟ ነው። ማመልከቻውን በገዛ እጇ ይዛ መጥታ ወንድሜ ነው ብላ ለኃላፊዋ የሰጠችው እሷ ናት። ትናንት ማታ ሸሚዙን ተኩሳ፣ የአንገቱን ክር መዝዛ፣ «አሁን ሙሽራ መሰልክ» ያለችውም እሷው ናት። ሻይዋን ሳትቀምሰው ትታ ወደ ኮሪደሩ ወጣችና ስልኳን አውጥታ ደወለችለት። ወዲያው አነሳው።

«ሚጡ፣ ደርሻለሁ እኮ» አለ። ድምፁ ውስጥ ካንድ ዓመት ወዲህ ያልሰማችው ነገር ነበረበት። «ከሕንፃው በር ላይ ነኝ። ሁለት ሊፍት አለ፤ የትኛው ነው እናንተ ጋ የሚያመጣው?»

የሚያስፈልገው አንድ ቃል ነበር፤ ተመለስ። እሷ ግን «የግራው ነው ጋሼ» አለችው።

ሊፍቱ እስኪመጣ ድረስ ለራሷ ምክንያት ደረደረች። ከፈታላቸው እንዴት ይለቁታል? እንዲህ ያለ ሰው አግኝተው ቦታ ከየትም ይፈልጉለታል። ደግሞ ከበር ላይ መመለስ ራሱ ውርደት ነው፤ እማዬ ለጎረቤቱ ሁሉ ነግራለች። ምክንያቶቹ እውነትም ነበሩ። ከነሱ ሥር የተኛው ግን ሌላ ነው፤ ያ የሚደጋግም ነገር በእሷ ስም የተመዘገበ ሥራ ነበር፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ አልፈታ ብሏታል።

ኩባንያው የሰው ገንዘብ ይዞ አክሲዮን ይገዛል፣ ይሸጣል። የሚገዛውና የሚሸጠው ግን ሰው አይደለም፤ እነ ሚጡ የጻፉት ፕሮግራም ነው። ይህ ፕሮግራም አንዳንድ ቀን አንድ ጊዜ ግዛ የተባለውን ሁለት ጊዜ ይገዛል። መጀመሪያ የታየ ቀን ሁሉም ሳቀ፤ ሁለተኛው ላይ ግን ዝም አለ። ሦስተኛው ላይ ማላከክ ተጀመረ። እዚያ ቤት ችግር ሲነሳ ቀድሞ የሚፈለገው የሚላከክበት ሰው ነው። የኔትወርኩ ሰዎች ፕሮግራሙ ነው አሉ፤ የፕሮግራሙ ሰዎች ኔትወርኩ ነው አሉ፤ ሁለቱም ሲደክማቸው ገበያው ነው አሉ። አለቃው ደግሞ ስብሰባ ላይ ገብቶ «ቶሎ! ቶሎ!» ከማለት በቀር ሌላ ቃል የለውም፤ በዚህም የተነሳ ሠራተኛው በሌለበት «ሰንበሌጥ» ይለዋል፤ ቶሎ ቶሎ ቤት ግድግዳው ሰንበሌጥ እንደሚባለው። የእሱ መድኃኒት ማሽኑን አጥፍቶ ማብራት ነበር። ሲጠፋና ሲበራ ችግሩ ይሸሻል፤ ሁሉም እፎይ ይላል፤ ከዚያ ባላሰቡት ቀን ተመልሶ ይመጣል። ሚጡ በበኩሏ እዚህም እዚያም መቆጣጠሪያ ጨምራ ጨምራ፣ በመጨረሻ የጻፈችውን ራሷም ማንበብ አቅቷት ነበር። እንዲያውም አንድ ቀን ተናዳ ከኮዱ መሀል አንድ ስድብ ጽፋ ሳታጠፋው ቀርታለች።

ወንድሟ ሲገባ ሁሉም ትንሽ ፈገግ አሉ። በግራጫ ፀጉሩና በደረት ኪሱ በሰካው እስክርቢቶ የትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ይመስል ነበር። በክፍሉ ውስጥ ያለው ወጣት ሁሉ ባለ ካናቴራ ነው። አለቃው «እንኳን ደህና መጡ አባት» አለው፤ በዕድሜ ቢበዛ ስድስት ሰባት ዓመት ቢበልጠው ነው። ከዚያ ችግሩን «ለእጩዎች ሁሉ የምንሰጠው መልመጃ» ብሎ አቀረበለት። ሚጡ አጠገቡ እንድትቀመጥና የጠየቀውን እንድታሳየው ታዘዘች። እሱም እንደማያውቃት ሁሉ «አመሰግናለሁ እህቴ» አላት፤ እህትና ወንድም መሆናቸው በሥራ ቦታ እንዳይጎዳት ብሎ መንገድ ላይ ያሰበበት ነገር መሆኑን አወቀች።

ኪቦርዱን አልነካም። መጀመሪያ ወረቀት ጠየቀ፤ በዚያ ክፍል ወረቀት ፍለጋ ሰው መሯሯጥ ነበረበት። ከመሀል አሰመረና በግራው ወገን «የምናውቀው»፣ በቀኙ «የሚመስለን» ብሎ ጻፈ። ከዚያ መጠየቅ ጀመረ። ኔትወርኩ ነው ያለው ማነው፤ ምን አይቶ? ማንም ምንም አላየም፤ «የሚመስለን» ስር ገባ። ፕሮግራሙ ነው የተባለውስ? እሱም እዚያው። እየቆየ የቀኝ ወገኑ ሞላ፤ በግራ በኩል የተጻፈው ግን ሁለት ጊዜ ይገዛል የሚለው ብቻ ሆነ። ወጣቶቹ መሳቃቸውን ትተው ወንበራቸውን አስጠጉ። ድምፁን ከፍ አያደርግም፣ አይቸኩልም፣ ማንንም አያሳፍርም። አንዱ «እኔ እንደማስበው…» ሲል «እሱን በኋላ እናስብበታለን፤ ያየኸውን ብቻ ንገረኝ» ይለዋል። ጠዋት ግዢውን ደግሞ ያውቃል? ተያዩ። ማሽኑ የሠራውን ሁሉ ከሚጽፍበት መዝገብ ሚጡ ፈልጋ አየች፤ ጠዋት ደግሞ አያውቅም። ሁልጊዜ ከምሳ በኋላ ነው። ታዲያ አጥፍታችሁ ያበራችሁት ቀንስ? በዚያን ቀን ጭራሽ አልደገመም። ይሄ በግራ በኩል ተጻፈ።

«እንግዲህ ጠዋት ደህና ሆኖ ማታ የሚበላሽ፣ ሲነቃ ደግሞ የሚድን ነገር ምንድነው?» አለ። መልስ የሚጠብቅ አይመስልም። ከዚያ ሁለቱን ማሽኖች፣ ትዕዛዝ የሚልከውንና መልስ የሚጠብቀውን፣ ጎን ለጎን በስክሪን ላይ እንዲያወጡለት ጠየቀ። «አሁን ለሁለቱም ባንድ ጊዜ አንድ ጥያቄ ጠይቁልኝ። ሰዓት ስንት ነው በሏቸው።»

ተጠየቁ። አንዱ ከሌላው ይቀድም ነበር። ልዩነቱ ለሰው ዓይን የሚታይ አልነበረም፤ ለማሽን ግን ረጅም ዘመን ነው። ጠባቂው ሰዓቱ ስለሚቀድም፣ መልሱ በመንገድ ላይ እያለ «ጊዜው አልፏል፤ ትዕዛዙ ጠፍቷል» ብሎ እንደገና ያስልካል። ጠዋት ሲበሩ ሰዓታቸው እኩል ነው፤ ቀኑ እየገፋ ሲሄድ ይራራቃሉ፤ ተጠፍተው ሲበሩ እንደገና ይታረቃሉ። የሁለቱን ሰዓት ቀኑን ሙሉ የሚያስማማው ፕሮግራም ቆሞ ነበር፤ ማንም አላየውም፤ ሁሉም ኮድ ሲያገላብጥ ነው የከረመው። አንዱ ወጣት በእጁ ጠረጴዛውን መታና ሳቀ፤ ሌሎቹም ሳቁ፤ አንዷማ አጨበጨበች። ሚጡም ሳቀች። ሳቋ ሳያልቅ አንድ ነገር አየች። ወንድሟ መዝገቡ ላይ ዓይኑን ተክሎ፣ ጣቱን ከአንድ መስመር ወደ ሌላ መስመር አውርዶ ቆመ። አንድ ሌላ ነገር ሊናገር አፉን ከፈተ። ከዚያ የላይኛውን ጥግ፣ ቀኑ የተጻፈበትን አየ፤ አለቃውን አየ፤ እስክርቢቶውን ከድኖ ደረቱ ላይ ሰካ።

«ሌላ አለ?» አለ አለቃው።

«ለዛሬ ይኸው ነው» አለ።

አለቃው እጁን በሁለት እጁ ጨብጦ «እንደውልልዎታለን» አለው። ወንድሟ በሩ ላይ ደርሶ እስኪወጣ ድረስ እንኳ አልቆየም፤ «በሉ ቶሎ፣ አስተካክሉት!» እያለ ወደ ወጣቶቹ ዞረ። የኃላፊዋ ዓይን ከሚጡ ዓይን ጋር ተጋጠመና ሁለቱም ወደ ሌላ አዩ።

ከሥራ እስክትወጣ ድረስ ወንድሟ ከሕንፃው ማዶ ካለው ካፌ አንድ ሻይ ይዞ ጠበቃት። የካፌው ሻይ ዋጋ ከባለፈው ወር ወዲህ እንደገና ጨምሯል፤ «ባንድ ብርጭቆ ይሄን ያህል ሰዓት ስለተቀመጥኩ አስተናጋጁ ጠላኝ» ብሎ ቀለደ። አውቶቡሱ ሞልቶ ስለነበር ኋላ በር አጠገብ ቆሙ። ሰው ሲገባና ሲወጣ ይገፋቸዋል፤ እሱ አንድ እጁን ብረቱ ላይ አድርጎ፣ እሷን ከግፊያው እየከለለ፣ ፊቱ ግን እንደ ልጅ ያበራ ነበር።

«ፈተና አልነበረም አይደል?» አላት።

«እንዴት አወቅክ?»

«ለፈተና የተሠራ ችግር ንጹሕ ነው። ይሄኛው ያለፈውን ዓርብ ቀን ይዟል። ደግሞ ውስጡ ስድብ አለበት። አንዱ ምስኪን ተናዶ የጻፈው ነው።» ሳቀ። እሷ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ወንድሟ ጎንበስ ብሎ፣ ሰው እንዳይሰማው ይመስል፣ ጆሮዋ ሥር አወራት። ሰዓቱ የችግሩ ግማሽ ነው አላት። ማሽኑ ትዕዛዙን እንደገና ሲልከው አዲስ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ስለዚህ ገበያው ሌላ ትዕዛዝ መስሎት ይገዛል። ዋናው ጥፋት እሱ ነው። ሰዓቱ ቢስተካከልም ገበያው ተጨናንቆ መልስ የዘገየ ቀን መልሶ ይነሳባቸዋል።

«ታዲያ ለምን አልነገርካቸውም?»

አውቶቡሱ ቆመ፤ አንዲት ሴት ከነዘንቢሏ እንድትወርድ መንገድ ለቀቀላት። «ለድሮው መሥሪያ ቤቴ ሁሉን ሰጠሁ» አለ በመጨረሻ። «አንድም ነገር ሳልደብቅ ጽፌ አስረከብኩ። ያስረከብኩት ካለቀ በኋላ እኔ ምን አደርግላቸዋለሁ? አሰናበቱኝ። ዛሬ እንግዲህ ግማሹን ኪሴ ውስጥ ላስቀር አልኩ። ሲነሳባቸው ይደውላሉ። ያኔ 'ሥራ ልጀምርና እነግራችኋለሁ' እላለሁ።» ወዲያው ደግሞ ዓይኗን ፈለገ። «ነውር ነው አይደል ሚጡ? ሰው የታመመ ማሽን ትቶ ሲወጣ እንዴት ያስጠላል መሰለሽ። ቀኑን ሙሉ እዚያ ካፌ ውስጥ ተነስቼ ልመለስ ልመለስ ስል ነው የዋልኩት።»

«ነውር አይደለም ጋሼ» አለች። ከዚህ ቀጥላ ስለ ዓርብ ልትነግረው ትችል ነበር። ቃሉ ምላሷ ላይ ነበር። እሱ ግን ስለ ቤት ኪራይ ማውራት ጀመረ፤ ከመጀመሪያው ደመወዝ ጀምሮ ኪራዩን ለእኔ ተዪው፣ አንቺም ትንሽ ተንፍሺ አላት፤ ፌርማታቸው ደረሰ።

ቤታቸው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ አንድ መኝታና አንድ ሳሎን። መኝታውን እናትና ልጅ ይጋሩታል፤ ወንድምዬው ሳሎን ሶፋው ላይ ይተኛል። ጠዋት ማንም ሳይነሳ ብርድ ልብሱን አጥፎ ከሶፋው ሥር ይከታል፤ ቀን የመጣ እንግዳ አንድ ጎልማሳ ሰው እዚያ እንደሚያድር አይጠረጥርም። ከሥራ ከተሰናበተ ወዲህ በዚህ ቤት ውስጥ ማንም ተናግሮት የማያውቅ ሕግ ወጥቷል። እሱ ሁለተኛ ጊዜ ምግብ አይጨምርም፤ እናቱ ጨምር አትለውም፣ ግን ድስቱን እሱ አጠገብ ታስቀምጣለች። ሚጡ የመብራት ክፍያ ስትከፍል ደረሰኙን ቦርሳዋ ውስጥ ትደብቃለች፤ እሱም ክፍሉ ውስጥ ሰው ከሌለ መብራት አያበራም። አንድም ቀን ክፉ ቃል ተነጋግረው አያውቁም። አንዳንዴ ሚጡ በተነጋገርን ኖሮ ትላለች።

ዛሬ እማዬ ሥጋ ገዝታ ነበር። በዚህ ኑሮ ሥጋ መግዛቷን ሚጡ ገና ደረጃው ላይ ሳለች ከሽታው አወቀች፤ ዋጋውን አልጠየቀችም። «እህሳ፣ ወደዱህ?» አለች እናት ገና በሩ ሳይዘጋ።

«አጨበጨቡለት እማዬ» አለች ሚጡ፤ እውነቷን ነው።

«እልልታውን ላቅልጠው እንዴ?» ብላ ሳቀችና ዳቦውን ልታመጣ ወደ ማእድ ቤት ገባች። ልጆቿ ሁለቱ ጠረጴዛው ላይ ቀሩ። የሚጡ ስልክ ጠረጴዛው ላይ ነዘረ፤ ስክሪኑ ላይ «አለቃ» የሚለው ለሁለቱም ታየ። ወንድሟ እጁን በጨርቅ ጠራረገ። ከመቀመጫው ተነሳ፤ የላላውን የሸሚዙን የላይኛ ቁልፍ ቆለፈ። «እንዲህ ቶሎ?» አለ በሹክሹክታ፤ ፈገግታውን መደበቅ አልቻለም። እጁን ለስልኩ ዘረጋ። እሷ ግን ወደ ጆሮዋ ወሰደችው።

«ገበያው ሊዘጋ ሲል እንደገና ደግሞታል!» አለ አለቃው። «ሰዓቱን አስተካክለን እኮ ነው! ሒሳብ ክፍል አሁን ነው ያገኘው። ነገ ጠዋት ደንበኛው ከዋናው ዳይሬክተር ጋር ይገባል። ሥራው ያለው በአንቺ ስም ነው፤ እኔ ከዚህ በላይ ለማንም ልከላከል አልችልም። ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ካላወቅሽ ወንድምሽን አገናኚኝ።»

ወንድሟ ቆሞ ነበር። የተዘረጋው እጁ አሁንም አልታጠፈም። ስልኩን ብትሰጠው ምን እንደሚሆን ታያት፤ ሥራ ልጀምር ይላል፤ «የምን ሥራ? እህትዎ አልነገረችዎትም?» ይባላል። ከዚያ አፍ ከሚሰማው አለመስማቱ ይሻለዋል አለች ለራሷ። ይህንን ማለቷን ኋላ ብዙ ጊዜ ታስታውሳለች። የነገው ጠዋትም ታይቷት ነበር፤ ዳይሬክተሩ፣ ደንበኛው፣ የእሷ ስም፣ ሦስት ሰው የሚኖርባት ይህች ቤት።

«አውቄዋለሁ» አለች። «እንደገና ሲልክ አዲስ ቁጥር ይሰጠዋል። የመጀመሪያውን ቁጥር እንዲይዝ ማድረግ ነው። ያን ጊዜ ገበያው ራሱ ይሄ ደርሶኛል ብሎ ይመልሰዋል።»

«ራስሽ ነሽ ያገኘሽው?»

ወንድሟን አላየችውም። «አዎ።»

«ጎበዝ!» አለ አለቃውና ዘጋው።

ወንድሟ እጁን ቀስ ብሎ አወረደና የውኃውን ጆግ አነሳ፤ ለእሷ ቀዳላት፣ ለእናቱ ቀዳላት፣ ለራሱ ሳይቀዳ አስቀመጠው። ተቀመጠ። ማእድ ቤት ውስጥ እናታቸው ለራሷ እያንጎራጎረች ዳቦ ትቆርጣለች።

«ቦታው ተይዟል?» አለ፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሳይቆጣ።

«ዓርብ።»

«አንቺ መቼ አወቅሽ?»

«ዛሬ ጠዋት።»

«ከመግባቴ በፊት ነው በኋላ?»

«ሊፍቱን ስትጠይቀኝ» አለች።

የሚጠየቀው አልቆ ነበር። እንባዋ ሲመጣ አይቶ በዓይኑ ወደ ማእድ ቤቱ አመለከታት፤ እዚህ አታልቅሺ ማለቱ ነው። እማዬ ዳቦውን በሳህን ይዛ ወጣች፤ የልጇን ፊት ሳይሆን ስልኩን ነበር የምታየው።

«ማነው የደወለው? የሥራው ሰዎች ናቸው? ስለ እሱ ነው? መቼ ይጀምር አሉ?»

ሚጡ አፏን ከፈተች። ቀደማት።

«ሥራው አልቋል አሉ እማዬ» አለ።

«አልቋል?» እናት ሳህኑን አስቀመጠችና ሁለት እጇን አጋጨች። «ባንድ ቀን? እነሱ ስንት ጊዜ ያቃታቸውን አንተ ባንድ ቀን ጨረስክላቸው?»

«አዎ» አለ፤ «ባንድ ቀን።»

«ድሮስ የእኔ ልጅ!» አለችና ከድስቱ ውስጥ ትልቁን ሥጋ መርጣ አወጣች፤ እምቢ ሳይላት ሳህኑ ላይ አኖረችለት። ከዚያ ብርድ ልብሱን ነገ በደንብ አጥባ ፀሐይ እንደምታሰጣው፣ አንድ የራሱ ክፍል ያለበት ቤት መፈለግ መጀመር እንዳለባቸው፣ ለሦስተኛ ፎቋ ጎረቤት ምን ብላ እንደምትነግራት ማውራት ጀመረች። ወንድምዬው አንገቱን አቀርቅሮ፣ ሥጋውን በትናንሹ እየቆረጠ፣ እየዋጠ፣ እስከ መጨረሻዋ ድረስ በላላት።